የሠላሳ አራት ቁጥር መኝታ

ማሩ መጋዘን ጠባቂ ነበር። በሱዳን ድንበር በኩል ባለችው ቆላ ከተማ፣ ሸሕዲ ላይ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ያ ሰው ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ሰሊጥ ሲገባ በሩን የሚከፍት፣ ሰሊጥ ሲወጣ በሩን የሚዘጋ፣ በመካከሉ ደግሞ በር ሥር ባለች አንገረብ በምትባል የጠፍር አልጋ ላይ ተጋድሞ አይጥ የሚያባርር እሱ ነው። አይጦቹ ከጊዜ ብዛት ስለለመዱት፣ ሲያስል ብቻ ለይሉኝታ ያህል ዞር ይሉለታል እየተባለም ይታማ ነበር። ከጋይንት ለአጨዳ የመጣው በ1971 ዓ.ም. ነው። "አንድ መኸር ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ ነበር ለእናቱ። መኸሩ አለቀ፤ ሌላ መኸር መጣ፤ ወባ ያዘው፣ ለቀቀው፤ ጥሩአየሁ የምትባል ሰሊጥ አበጣሪ ያዘችው፣ እሷ አልለቀቀችውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ቆላው ውስጥ ቀረ።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ሲመጣ ቀበሌው አንድ ችግር ገጠመው። ምልምሎቹ ከጎንደር መኪና መጥቶ እስኪወስዳቸው ሁለትም ሦስትም ሳምንት የሚያድሩበት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ተማሪ አለበት። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አይታሰቡም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጀምበሩ፣ የቀበሌውን ማኅተም እንዳይሰረቅ ካልሲው ውስጥ የሚይዝ ሰው፣ አንድ ቀን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ በመጨረሻ ማሩን አየ።

"ጓድ ማሩ፣ ስልሳ ሰው ስንት ጆንያ ይሆናል?"

ማሩ አልሳቀም፤ ከልቡ አሰበበት። "ቆሞ ነው ተኝቶ?"

"ተኝቶ እንጂ!"

"ተኝቶ ከሆነ ለአንድ ሰው የሁለት ጆንያ ቦታ ነው። ርዝመቱ ሁለት፣ ወርዱ አንድ።"

"በቃ፣ አንተው ነህ" አለው ጓድ ጀምበሩ። በዚያች አፉ ማሩ የመኝታና የምዝገባ ኃላፊ ሆነ። ሰሊጡ ሸራ ለብሶ ደጅ አደረ፣ ሰው ውስጥ ገባ። የመጋዘኑ በር ላይ ከድሮ ጀምሮ "ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ጽሕፈት ነበረ፤ ከሥሩ በቀይ ቀለም "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ተጨመረበት። ግድግዳው ላይ ማሩ በጠመኔ ከአንድ እስከ ስልሳ ቁጥር ጻፈ። በየቁጥሩ ሥር አንድ ጆንያ ለፍራሽ፣ ግማሽ ጆንያ ለራስጌ አደረገ። የሚያንኮራፉትን ወደ ጥግ፣ ወባ የሚያንቀጠቅጣቸውን ወደ በሩ አስተኛ። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ሲጎበኘው "ይህስ ከእኔ ቤት ይሻላል" ብሎ የወጣ አለ ይባላል፤ በማግስቱ ያው ሰው ተመልምሎ ገባ፣ ሃያ ሁለት ቁጥር ደረሰው።

የምዝገባውን ቅጽ የሚሞላውም ማሩ ነው። እስከ ስድስተኛ ስለተማረና የጆንያ ቁጥር ስለለመደ ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነበር። ቅጹ ብዙ ይጠይቃል። የቆላው የቀን ሠራተኛ ደግሞ መጠየቅ አይወድም።

"ስም?"

"አዱኛ ቢተው።" ይህ አዱኛ ከሰባት ጓደኞቹ ጋር ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ መኪና ተራው ላይ ማጭዱን በጨርቅ እንደጠቀለለ የተያዘ፣ የስምንቱ ሰዎች አለቃ ነው።

"የአያት ስም?"

"አያቴም ይዘምታል እንዴ?"

"ዕድሜ?"

"ኸበሬያችን በሁለት ዓመት እበልጣለሁ።"

"በሬው ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሙቷል።"

ማሩ ሃያ አራት ብሎ ጻፈ። "የሚታይ ምልክት?"

አዱኛ ራሱን ከላይ እስከ ታች አየ። የሸሚዙን ቅዳድ፣ የጉልበቱን አጥንት፣ የእግሩን ንቃቃት አየ። "ኸዚህ የባሰ ምን ይታይ?" አለ። ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። ማሩ "የለም" ብሎ ጻፈና "ቀጥል" አለ።

በመጀመሪያው ዙር እንዲህ አልነበረም። ያኔ ስልሳውን ጭኖ ከላከ በኋላ ሽንት ቤት ገብቶ ሲነፋረቅ የሰሙት አሉ። ጥሩአየሁ ሦስት ቀን ምግብ አላስቀመሰችውም ይባላል፤ አልበላ ብሏት እንጂ ከልክላው አይደለም። በሁለተኛው ዙር ሆዱን ብቻ አመመው። አሁን፣ በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ምንም የለም። ፊታቸውን ማየት ተወ። ቅጹ ላይ አቀርቅሮ እግራቸውን ብቻ ያያል፤ አንድ ጥንድ እግር ይመጣል፣ አንድ ጥንድ ይሄዳል፣ ሌላ ጥንድ ይተካል። ደግ አይደለም፣ ክፉ አይደለም፤ በረሃብ ጊዜ ሆድ ከስንት ቀን በኋላ መጮህ እንደሚተው ውስጡ መጮህ ትቷል።

"ማሩ፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?" አለችው ጥሩአየሁ፣ ከሰሊጥ ብጠራ ተመልሳ ፀጉሯን እያራገፈች።

"አልሞተብኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነኻል?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆንህማ ባል የለኝም ማለት ነው" ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እሷም ሳቋን ሳትጨርስ ተወችው።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጥር ነበር፤ ቀኑን። ሕጉ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ያለውን ይወስዳል። ማሩ የተወለደው በ1948 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ እናቱ ታቦቱ ሲገባ አማጥሁት እያለች ስትናገር ስለኖረች ቀኑ አይሳሳትም። ዘንድሮ ኅዳር 12 ሠላሳ ይሞላዋል። ከዚያች ቀን ወዲያ ከሕጉ ማዶ ነው። እስከዚያ ግን ከጠመኔው ቁጥር የሚያድነው የያዘው ሥራ ብቻ ነበር። ሥራውም ቢሆን ጓድ ጀምበሩ አንድ ቀን ማኅተሙን ከካልሲው እያወጣ በነገረው ቃል የታሰረ ነው፦ "ስልሳ ብዬ ፈርሜአለሁ። ከጎደለ የጎደለውን አንተ ትሞላዋለህ። ሌላ ሰው ፍለጋ አልሄድም፣ ጉልበቴን ያመኛል።"

አሁን የስምንቱ ነገር ይምጣ። ከላይ የመጣው መመሪያ ከአንድ አገር የመጡትን በታትናችሁ አስተኙ ይላል፤ እንዳይዶልቱ ነው። ማሩ ግን የመጋዘን ሰው ነው። የአንድ ባለቤት ጆንያ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ ያመዋል። ስምንቱን ጎጃሜዎች ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ ስምንት በአንድ ረድፍ ደረደራቸው።

ሰሊጥ አጨዳ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። አብረው የወረዱ ሰዎች ጎን ለጎን ረድፍ ይይዛሉ። አንዱን ወባ ጥሎት ጥላ ሥር ከተኛ፣ ግራና ቀኙ ያሉት ረድፉን እየተቀባበሉ ያጭዱለታል። ጠዋት ስም ሲጠራም ከመካከላቸው አንዱ አቤት ይልለታል። ይህን ማንም ውሸት አይለውም። ማሩ ራሱ በመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ አምስት ቀን ሙሉ ተኝቶ ረድፉ ሳይጎድል የቀረው በሌላ ሰው አፍና በሌላ ሰው ማጭድ ነው።

እሑድ ጥቅምት 24 ቀን ምልምሎቹ ለመታጠብ ወደ ወንዙ ወረዱ። ሲወርዱ ስልሳ ነበሩ። ሲመለሱም፣ ማሩ በሩ ላይ ቆሞ ቁጥር ሲጠራ፣ ስልሳ ጊዜ አቤት ተባለ። ሠላሳ አራት ቁጥር ላይ የተኛው ውባንተ የሚባል ቀጭን ልጅ እግር ግን በዚያ ሰዓት ወደ ሱዳን የሚወስደውን የግመል መንገድ ይዞ ነበር። አቤት ያለለት አዱኛ ነው፤ አንዴ ለራሱ ወፍራም አድርጎ፣ አንዴ ለውባንተ ቀጠን አድርጎ።

ማሩ አልሰማም? ሰምቷል። አንድ ጉሮሮ ሁለት ጊዜ እንደተናገረ ጆሮው ነግሮታል። ቀና ቢል የሠላሳ አራት ቁጥርን ባዶ ጆንያ ያየዋል። ቀና አላለም። "ሠላሳ አምስት" አለና ቀጠለ። ሰኞም እንዲሁ፣ ማክሰኞም እንዲሁ።

ረቡዕ ገና ፀሐይ ሳትወጣ አንድ ኡራል የሚባል የጦር መኪና መጣ። የመጣው መቶ አለቃ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። በሩ ላይ ቆሞ ቁጥር እየጠራ፣ የሚወጣውን ሁሉ በያዘው ዘንግ ትከሻውን ነካ እያደረገ ወደ መኪናው ያሳልፋል። ሠላሳ አንድ ወጣ፤ አዱኛ ነው። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት።

"ሠላሳ አራት!"

"አቤት!"

አቤት የተባለው ከመጋዘኑ ውስጥ አይደለም፣ ከመኪናው ላይ ነው። አዱኛ አፉ ለምዶበት ከላይ ሆኖ መለሰ። መቶ አለቃው ዞረ። መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ፣ ጫማ የሌላቸውም ጭምር።

"ማነው አቤት ያለው? ሠላሳ አራት!"

አዱኛ አንገቱን ሰው መካከል ቀበረ።

ቀሪዎቹ ተጠርተው ወጡ። ሲቆጠር ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። እንደገና ሲቆጠርም ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ጓድ ጀምበሩ ላብ በላብ ሆኖ "ጓድ መቶ አለቃ፣ ምናልባት ትንሽ የአጻጻፍ ጉድለት..." ሲል አቋረጠው።

"እኔ የምወስደው ስልሳ ነው። ስልሳ ይዤ እሄዳለሁ። አሁን ሻይ እጠጣለሁ። ሻዬን ስጨርስ ስልሳ ካልሞላ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትወጣላችሁ።"

ጓድ ጀምበሩ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። በእርጅናው የኮራው የዚያን ዕለት ነው። "ጓድ ማሩ፣ ሠላሳ ሞላህ እንዴ?"

"አሥራ አምስት ቀን ይቀረዋል።"

"አልሞላህማ!" አለ ጓድ ጀምበሩ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት። "እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሂድና ለሚስትህ ንገራት።"

ማሩ አልሄደም። ጥሩአየሁ ሰሊጥ ብጠራው ዳስ ውስጥ ነበረች፤ ሩቅ አልነበረም፤ ቢጣራ ትሰማዋለች። አንገረቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅጾቹን በጉልበቱ ላይ አስተካከለ። ልቤ ይመታል እንዴ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። እንደ ወትሮው ነው የሚመታው። ብርድ ልብሱን ይውሰድ ወይስ ለጥሩአየሁ ይተውላት፤ እሱን አሰበ፣ እሱንም ሳይወስን ተወው።

መቶ አለቃው መንገድ ማዶ አብዱልሀኪም ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። አብዱልሀኪም አባቱ ከሱዳን እናቱ ከቋራ የሆኑ፣ ሻይና ስኳር የሚሸጥ፣ ከማሩ ጋር በየጠዋቱ ሲቀላለድ የሚውል ሰው ነው። "የአንተ ሆቴል ዛሬም ክፍል አለው?" ብሎ ነበር የሚጀምረው። የዚያን ዕለት ግን የሻይ ሰሃኑን ይዞ ቆሞ፣ አንዴ ማሩን አንዴ ብርጭቆውን ያያል። ብርጭቆው ግማሽ ደርሷል።

በዚያች ሰዓት ከመንገዱ በኩል አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። የላስቲክ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ማጭዱን ወገቡ ላይ ሸጉጧል፤ ሌሊቱን በእግሩ እንደመጣ አቧራው ይናገራል።

"ወንድምዓለም! ሞላ እንዴ? ሞላ?"

ሸሕዲ ላይ በመኸር መኪና ሲቆም፣ የቀን ሠራተኛ "ወዴት ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ወዴት ነው ሲል ሌላው ቀድሞት ይወጣል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞልቷል ወይስ አልሞላም። እየሮጠ የመጣው ሰው ስሙ ይርዳው ነው፣ ከወገራ። እናቱ ታማበት ዘግይቷል። ሰሊጡ ታጭዶ ሳያልቅ አንድ ሥራ ላይ ካልደረሰ ባዶ እጁን መመለሱ ነው። ሰው የተጫነበት መኪና አየ፣ ሮጠ። ኡራል ይሁን የእርሻ መኪና መች ሊለይ።

ማሩ እግሩን አየ። ግራው ደምቷል።

"አንድ ሰው ጎድሏል" አለ። ድምፁን ራሱ ሰማው። እውነት ነው የተናገረው፤ አንድ ቃል አልዋሸም።

"ተመስገን!" አለ ይርዳው። "ጻፈኝ በሞቴ!"

ማሩ ቅጽ አወጣ። ስም ጠየቀ፣ የአባት ስም፣ የአያት። ዕድሜ ሃያ ሁለት። የሚታይ ምልክት፣ ግንባሩ ላይ የልጅነት ጠባሳ። ይርዳው በማሩ ትከሻ ላይ አጎንብሶ ብዕሩን ያያል።

"ይህ ሁሉ ጽሕፈት ለሰሊጥ ነው? የመንግሥት እርሻ ነው ማለት ነዋ! ጥሩ፤ መንግሥት አይክድም። ስንት ቀን ነው ሥራው?"

"ይቆያል።"

"ይቆይ! ምን ቸገረኝ። መኝታ አለው?"

"አለው።"

"ቀለቡስ?"

"ከእነሱ ነው።"

"እግዜር ይስጥህ፣ ወንድምዓለም። እንዴት ያለህ ደግ ሰው ነህ" አለና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ቅጹ ላይ አተመ።

አብዱልሀኪም ከማዶ ሁሉንም ሰምቷል። "ያ ዞል፣ አንተ ሰው..." ብሎ አፉን ከፈተ። መቶ አለቃው ቀና ብሎ አየው። አብዱልሀኪም አፉን ዘጋና የደረቀ ብርጭቆ መወልወል ያዘ።

መኪናው ላይ ያሉት ሃምሳ ዘጠኙም ሰምተዋል። አንዱ ብቻ "ሂድ፣ ሽሽ!" ቢለው ይበቃው ነበር። ግን ያ ከተባለ ሠላሳ አራት ቁጥር የት ሄደ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ውባንተ ቀን እየተደበቀ ሌሊት የሚጓዝ፣ ገና የሦስት ቀን መንገደኛ ነው፤ ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል። አዱኛ ማሩን አየው፤ ፊቱን ፈለገ። ማሩ ቅጹን እያጠፈ ነበር። አዱኛ እጁን ወደ ታች ዘረጋ። "ና፣ ውጣ" አለው ይርዳውን፤ ጎትቶም ከጎኑ አስቀመጠው።

መቶ አለቃው መጥቶ ቆጠረ። "ስልሳ" አለ። ከዚያ ዘንጉን ወደ ይርዳው ወገብ ቀሰረ። "ማጭዱን አውርድ።"

"ማጭዴን?" ይርዳው ደነገጠ። "ጌታው፣ በምን ላጭድ?"

"ሌላ እንሰጥሃለን" አለ መቶ አለቃው። ሾፌሩ ብቻ ሳቀ።

ይርዳው ማጭዱን በሰው እጅ አሳልፎ ለማሩ ላከለት። መኪናው ሲነሣ ከሰው መካከል አንገቱን አስግጎ "ጥርሱ አዲስ ነው! እንዳይዝግ ቅባት ነገር ቀባልኝ!" እያለ ሲጮህ ነበር። አቧራው ሸፈነው። ማሩ ወደ ውስጥ ገባና ስልሳ ጆንያ እያራገፈ ደረደረ። ከሰዓት በኋላ ሸራ ለብሶ የሰነበተው ሰሊጥ ገባ። ማጭዱን ጥሩአየሁ ለበጎቿ ሣር ታጭድበት ጀመር። ከየት እንደመጣ ጠየቀችው፤ "ሰው ትቶት ሄደ" አላት።

አብዱልሀኪም ከዚያ ወዲያ ስለ ሆቴል አልቀለደም። ሻይ ሲያቀርብለት "ይኸው፣ ጓድ ማሩ" ብቻ ይላል፣ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል።

ኅዳር 12 መጣች። ጥሩአየሁ ቀኑን ከእሱ ይልቅ ስትቆጥር ኖራ ነበርና ዶሮ አረደች። "እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካህም" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማሩ ደስታውን ውስጡ ፈለገው። አንድ ዓመት ሙሉ ያችን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል፤ የሆነ ቦታ መኖር ነበረበት። ጥሩአየሁ እየጠበቀችው ስለሆነ "ደስ ብሎኛል" አላት።

ምሳው ገና ከመቅረቡ ጓድ ጀምበሩ ሳይጠራ ገባ። ሽታው መርቶት ነው ይላሉ። ቁጭ ብሎ እጁን ታጠበና "እንደ አንተ ያለ ሠራተኛ የለም ብዬ ለበላይ ጽፌአለሁ" አለ። "ቁጥር የማይጎድልበት ሰው ተባልህ። ለታኅሣሥ ሰማንያ ደርሶናል። ከነገ ጀምረህ ጠመኔህን አንሣ።"

"እሺ" አለ ማሩ።

ጥሩአየሁ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ሌማቱን ወደ ባሏ ገፋ አደረገችለት። "ምነው አትበላ? ወጡ ጨው በዛበት እንዴ?"

ማሩ ጠቀለለ፣ ጎረሰ፣ እስኪያልቅ አኘከ። ጨዉን ምላሱ ላይ ፈለገው።

"አላውቅም" አላት።